ከመውደቁ በፊት የታየው ድንጋይ

መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2008) ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ገደማ፣ የሰሜን ሱዳን ሰማይ በድንገት ቦግ አለ። ከንጋት ጸሎት የሚመለሱ የዋዲ ሃልፋ ነዋሪዎች አዩት። የኑቢያን በረሃ አቋርጦ በሚያልፈው ሐዲድ ዳር በየጣቢያው ያሉ የምድር ባቡር ሠራተኞችም አዩት። ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ ሰማይ ላይ የቀረውን የአቧራ ጭራ ነፋስ እያጣመመው፣ የማለዳ ፀሐይ እያበራችው ሲቆይ በሞባይል ስልክ የቀረጹትም ነበሩ።

የሰማይ ድንጋይ እየነደደ ሲወርድ መታየቱ አዲስ ነገር አይደለም። ይህኛውን የተለየ ያደረገው መምጣቱ ሃያ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መታወቁ ነው። ከዚያ በፊት ከምድር ጋር የሚጋጭ አካል ገና ጠፈር ላይ ሳለ ታይቶ አያውቅም ነበር። ይህ ታሪክ ሲነሳ ሙገሳው በአብዛኛው ለቴሌስኮፕና ለኮምፒውተር ይሰጣል፤ ይገባቸዋልም። ድንጋዩ ከአሸዋው ላይ የተነሳው ግን በበረሃው ሰዎች ምስክርነትና በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድካም ነው። ለእኛ ለጎረቤቶቻቸው ትልቁ ትምህርት ያለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሃያ ሰዓት

በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ቱሳን ከተማ አጠገብ፣ የሌመን ተራራ አናት ላይ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመለት ቴሌስኮፕ አለ። ሥራው ወደ ምድር የሚጠጉ አስትሮይዶችን ማሰስ ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 26 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ሲሆን እዚያ እኩለ ሌሊት ተቃርቦ ነበር። የካታሊና የሰማይ ቅኝት ባልደረባ ሪቻርድ ኮዋልስኪ በዚያች ሰዓት በተነሱ ምስሎች ላይ ከከዋክብት መሀል የምትንቀሳቀስ አንዲት ነጥብ ተመለከቱ። እንደተለመደው ልኬቱን ወደ ዓለም አቀፉ የትንንሽ ፕላኔቶች ማዕከል ላኩት።

ማዕከሉ ምህዋሩን ሲያሰላ አካሉ አንድ ቀን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ምድርን እንደሚመታ ታወቀ። የናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ባልደረባ ስቲቭ ቼዝሊ ስሌቱን አጥብበው ቦታውን ሰሜን ሱዳን ነው አሉ። አካሉም 2008 ቲሲ3 የሚል መለያ ተሰጠው። ስፋቱ 4 ሜትር፣ ክብደቱ 80 ቶን ገደማ ስለነበር አየር ላይ ተበትኖ እንደሚቀር፣ መሬት ላይ ላለ ሰው እንደማያሰጋ ተገመተ።

ዜናው እንደተሰማ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ተመልካቾች ቴሌስኮፓቸውን ወደዚያች ነጥብ አዞሩ፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ500 በላይ የአቀማመጥ ልኬቶች ተሰበሰቡ። በካናሪ ደሴቶች የሚገኘው የዊልያም ኸርሸል ቴሌስኮፕ ከአካሉ የሚንጸባረቀውን ብርሃን በየቀለሙ ዘርዝሮ መዘገበ። ይህ መዝገብ በኋላ ትልቅ ዋጋ አገኘ። ግጭቱ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው አካሉ የምድር ጥላ ውስጥ ገብቶ ከዕይታ ተሰወረ።

ከዚያም በተባለው ሰዓት፣ በተባለው ቦታ መጣ። ሜቴዎሳት 8 የተባለው የአየር ጠባይ ሳተላይት ብልጭታውን ያዘው። አስቀድሞ መልእክት የደረሰው አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን አብራሪ ከ1,400 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ አየው። ጆሮ የማይሰማውን ዝቅተኛ የድምፅ ሞገድ የሚመዘግብ በኬንያ የሚገኝ ጣቢያም የፍንዳታውን ሞገድ ተቀበለ። የወጣው ጉልበት ከ1,000 እስከ 2,000 ቶን ቲኤንቲ እንደሚደርስ ተሰልቷል።

ድንጋይ ሰማይ ላይ ለምን ይነድዳል?

በጠፈር ውስጥ ከሚዞሩት ድንጋዮች አብዛኞቹ ከማርስና ከጁፒተር መካከል ካለው የአስትሮይድ ቀለበት የመጡ ናቸው። እርስ በርስ ሲጋጩ ስባሪያቸው ይበተናል፤ የትልልቅ ፕላኔቶች ስበት ከስባሪው የተወሰነውን ወደ ምድር መንገድ ይገፋዋል። የአሸዋ ቅንጣት የምታህለው ስባሪ ከባቢ አየር ውስጥ ስትገባ ተወርዋሪ ኮከብ ሆና ለቅጽበት ትታያለች። ጠጠር ወይም ከዚያ የገዘፈ ሲሆን ከቬኑስ የሚደምቅ የእሳት ኳስ ይሆናል። ከእሳቱ ተርፎ መሬት የደረሰው ድንጋይ ሜትዮራይት ይባላል።

ብዙ ሰው ድንጋዩ የሚነድደው ከአየር ጋር በመፋተግ ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት መጨመቅ ነው። የብስክሌት ጎማ ነፍቶ የሚያውቅ ሰው የመንፊያው ጫፍ እንደሚሞቅ ያውቃል፤ የታመቀ አየር ይሞቃልና። 2008 ቲሲ3 ወደ ከባቢ አየር የገባው በሰከንድ ከ12 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ነበር። በዚህ ፍጥነት ከፊቱ ያለው አየር የሚሸሽበት ጊዜ ስለማያገኝ ይታመቃል፤ ሙቀቱም በሺዎች የሚቆጠር ዲግሪ ይደርሳል። የድንጋዩ ገጽ ይቀልጣል፣ ይተንናል፤ የጋለው አየርና ትነቱ ያበራሉ።

ድንጋዩ ወደ ታች በወረደ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፣ ከፊትና ከኋላው ያለው የግፊት ልዩነትም ይጨምራል። ግፊቱ ከድንጋዩ ጥንካሬ ሲበልጥ ድንጋዩ ይፈነዳል። 2008 ቲሲ3 የተፈረካከሰው ከመሬት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ይህ በጣም ከፍ ያለ ቦታ በመሆኑ አካሉ ልልና ክፍተት የበዛበት እንደነበረ ያመለክታል።

ከፍንዳታው የተረፈው ቁራጭ ፍጥነቱ በአየር ተይዞ ስለሚበርድ ማብራቱን ያቆማል፤ የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች የሚወርደው እንደ ማንኛውም ከከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ ነው። እሳቱ የቆየው ለሰከንዶች ብቻ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ትንንሽ ሜትዮራይቶች መሬት ሲደርሱ የጋለ ፍም አይሆኑም፤ ሣር አያቃጥሉም። በእሳቱ ምክንያት የሚቀርባቸው ምልክት ከላይ የሚሸፍናቸው ስስ ጥቁር ቅርፊት ነው።

ፍለጋው

ፍንዳታው እጅግ ከፍታ ላይ ስለነበር ብዙዎች አንድም ቁራጭ አልተረፈም ብለው ነበር። በአሜሪካ የሴቲ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ የሆኑት ፒተር ጄኒስከንስ ግን ወደ ሱዳን ሄዱ። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ባልደረባ የሆኑት ሙዓዊያ ሐሚድ ሻዳድ ተቀበሏቸው፤ ፍለጋውንም አደራጁ።

መጀመሪያ ያደረጉት ሰው መጠየቅ ነበር። በዋዲ ሃልፋና በሐዲዱ ዳር ያሉትን ሰዎች የት ቆመው፣ ወደ የት ዞረው፣ ብርሃኑን ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳዩት፣ የአቧራው ጭራ የት ጋ እንደነበረ ጠየቋቸው። ምስክርነቱ ከናሳ ስሌት ጋር ሲገናዘብ የፍለጋው ቦታ ተለየ። በዚያ በረሃ ያለው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የእንግሊዝ ጦር የዘረጋው ሲሆን ጣቢያዎቹ የሚጠሩት በቁጥር ነው። ድንጋዩ የወደቀው 6ኛው ጣቢያ ባለበት አካባቢ ስለነበር በዐረብኛ «አልማሐታ ሲታ» ተባለ።

ኅዳር 27 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከግጭቱ ሁለት ወር በኋላ፣ 45 ያህል ተማሪዎችና የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ጎን ለጎን ተሰልፈው በረሃውን በእግር ማሰስ ጀመሩ። በዚያው ዕለት አንድ ተማሪ የመጀመሪያውን ጥቁር ቁራጭ አገኘ። በዚያን ሰሞን በተደረጉት ፍለጋዎች የተሰበሰቡት 47 ቁራጮች እያንዳንዳቸው ከ1.5 እስከ 283 ግራም ይመዝኑ ነበር። በኋላ በተደረጉ ተከታታይ ዘመቻዎች ቁጥራቸው ወደ 600፣ ክብደታቸው በድምሩ ወደ 10.5 ኪሎ ግራም ደረሰ። ከ80 ቶን የተረፈው የታወቀ ቅሪት ይህ ብቻ ነው። ትንንሾቹ ቀድመው፣ ትልልቆቹ በአካሉ ጉዞ አቅጣጫ ራቅ ብለው ወድቀው ተገኙ፤ ከባድ ድንጋይ የአየር ግፊትን ተቋቁሞ ርቆ ስለሚሄድ ነው።

ድንጋዩ ምን ነገረን?

ሳይንቲስቶች ስለ አስትሮይዶች የሚያውቁት በአብዛኛው ከሚያንጸባርቁት ብርሃን ነው። ሙዚየሞች ውስጥ ያሉት ሜትዮራይቶች ደግሞ ከየትኛው ዓይነት አስትሮይድ እንደተገነጠሉ በእርግጠኝነት አይታወቅም ነበር። ኑቢያ ላይ የወደቀው ድንጋይ ሁለቱን አገናኘ፤ አካሉ ጠፈር ላይ ሳለ የተመዘገበው ብርሃን ቤተ ሙከራ ውስጥ ከተመረመረው ድንጋይ ጋር ተነጻጸረ። አስትሮይዱ ኤፍ የሚባለው ጥቁር መደብ አባል፣ ድንጋዩ ደግሞ ዩሬላይት የተባለው ካርቦን የበዛበት ብርቅ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በማርች 2009 ኔቸር መጽሔት ላይ ታትሟል።

ከቁራጮቹ መካከል ዘራቸው ጨርሶ የተለየ ድንጋዮችም ተገኙ። ይህም አስትሮይዱ ከልዩ ልዩ አካላት ስባሪ ተጠራቅሞ የተሠራ እንደነበረ ያሳያል። ድንጋዩ ውስጥ ጥቃቅን አልማዞችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ ላይ የወጣ ጥናት በአልማዞቹ ውስጥ የታሸጉትን ማዕድናት መርምሮ፣ አልማዞቹ የተፈጠሩት በሜርኩሪና በማርስ መካከል ያለ መጠን በነበረውና ዛሬ በሌለ ጥንታዊ ፕላኔት ሆድ ውስጥ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አስትሮይዶች ሲጋጩ የሚፈጠረው ኃይለኛ ግፊት ብቻውን እነዚህን አልማዞች ሊፈጥር ይችላል ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ራሱ የድንጋዩን ዋጋ ይመሰክራል። እጅ ላይ ያለ ድንጋይ በየጊዜው በሚሻሻል መሣሪያ ደግሞ ደጋግሞ ሊጠየቅ ይችላል።

የአፍሪካ ድርሻ

እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 2018 ያው የሌመን ተራራ ቴሌስኮፕ ሁለት ሜትር የማይሞላ ሌላ አስትሮይድ አየ፤ ከሰዓታት በኋላም ቦትስዋና ላይ ፈነዳ። ከፍንዳታው ሦስት ሳምንት በኋላ በማዕከላዊ ካላሃሪ የእንስሳት መጠበቂያ ውስጥ 18 ግራም የሚመዝን ቁራጭ ተገኘ። ምርመራው የድንጋዩ ምንጭ ቬስታ የተባለው ግዙፍ አስትሮይድ ሳይሆን እንደማይቀር አመለከተ። ስለዚህ ጠፈር ላይ ታይተው በኋላ ቁራጫቸው መሬት ላይ የተገኘው የመጀመሪያዎቹ ሁለት አስትሮይዶች የወደቁት አፍሪካ ውስጥ ነው።

ከማርስ ተፈንጥረው ሲወድቁ በሰው ዓይን ከታዩት አምስት ሜትዮራይቶች ሦስቱ የአፍሪካ ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1911 ግብፅ የወደቀው ናኽላ፣ በ1962 ናይጄሪያ ውስጥ አንድ ገበሬ አጠገብ ያረፈው ዛጋሚ፣ በ2011 ደግሞ ሞሮኮ የወደቀው ቲሲንት። እ.ኤ.አ. በ1992 ኡጋንዳ ምባሌ ላይ ድንጋዮች ሲዘንቡ ጥቂት ግራም የምትመዝን አንዷ በሙዝ ቅጠል ነጥራ አንድ ልጅ ራስ ላይ አርፋለች፤ ልጁ አልተጎዳም። በሶማሊያ ኤል አሊ አካባቢ ያለውን 15 ቶን የሚሆን የብረት ሜትዮራይት ደግሞ ሳይንስ ከመስማቱ በፊት አርብቶ አደሮች ለትውልዶች ያውቁት ነበር። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1981 ሐረርጌ ውስጥ የወደቀው ድንጋይ «ጉርሱም» በሚል ስም በዓለም አቀፉ የሜትዮራይት መዝገብ ሰፍሯል።

ቢያዩ ምን ያደርጋሉ?

የእሳት ኳስ ካዩ ሰዓቱን ይያዙ። የቆሙበትን ቦታ፣ ብርሃኑ ከየት ተነስቶ ወደ የት እንደሄደ፣ ከየትኛው ተራራ ወይም ሕንፃ በላይ እንደጠፋ ልብ ይበሉ። ድምፅ ከብርሃን እጅግ ስለሚዘገይ 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሆነ ፍንዳታ ለመሰማት ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ብልጭታውን ካዩ ወደ መስኮት አይሩጡ፤ ከመስታወት ይራቁ። እ.ኤ.አ. በ2013 በሩሲያ ቼልያቢንስክ ከ1,000 በላይ ሰዎች የተጎዱት በአብዛኛው ዘግይቶ በመጣው የአየር ምት በተሰበረ መስታወት ነው።

የተለየ ድንጋይ ካገኙ መጀመሪያ ካለበት ሳያነሱ ፎቶ ያንሱት፤ ቦታውን በስልክዎ ካርታ ላይ ምልክት ያድርጉ። አይጠቡት፣ አይሰብሩት፣ ማግኔትም አያስጠጉበት፤ ማግኔት ድንጋዩ ከጥንት ጀምሮ የያዘውን የመግነጢስ መዝገብ ይደመስሳል። ንጹሕ ላስቲክ ውስጥ አድርገው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። አገራችን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የበዛባት ስለሆነች ጥቁር ሁሉ ሜትዮራይት አይደለም። ውስጡ በአረፋ ቀዳዳ የተሞላ ከሆነ የምድር ድንጋይ መሆኑ አይቀርም። ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ ስስ ጥቁር ቅርፊት ያለው፣ የተሰበረ ጎኑ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ፍንጣቂ የሚታይበት ከሆነ ግን ምርመራ ይገባዋል። በአቅራቢያዎ ላለ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ወይም ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ያሳዩት።

ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ከካርቱም የሚማሩት አለ። ሱዳናውያኑን ውጤታማ ያደረጋቸው ውድ መሣሪያ አልነበረም፤ የአካባቢውን ሰው አክብሮ የሚጠይቅ መምህርና ፀሐይ የማይበግረው ተማሪ ነበር። ያየውን የሚናገርበት፣ ሲናገርም የሚሰማው ቦታ ለእረኛውና ለገበሬው ይዘጋጅለት። ቀጣዩ ድንጋይ የት እንደሚወድቅ አይመርጥም፤ ሲወድቅ ግን ለማንሳት ዝግጁ መሆን የእኛ ፈንታ ነው።