የጣና ሞተር እንደ ባሕር ሞተር አይሞትም

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ በሙሉ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ቤት ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ የጀልባ ሞተር አለ። ይነሣል ወይስ ለቁራሌው ልስጠው?» ለየአንዳንዱ መመለስ ስላቃተኝ እዚሁ ጠቅልዬ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የምናገረው ስለ ትንንሾቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ነው፤ ማለትም ከ8 እስከ 25 የፈረስ ጉልበት ስላላቸው። እኛ ዘንድ በብዛት ያሉት ያማሃዎች ናቸው። በቅርቡ ሠርቼ ያስረከብኩት ኢንዱሮ 15 ስለሆነ ምሳሌዬ እሱ ይሁን። ባለ ሁለት ሲሊንደር ነው፣ 246 ሲሲ። ባለቤቱ በዓሣ ማስገር የኖሩ የባሕር ዳር ሽማግሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሆላንድ የቤተ ክርስቲያን ድርጅት ለጣና አስጋሪዎች የሞተር ጀልባና ሰፋፊ መረብ ካስገባ በኋላ ታንኳቸውን ትተው ወደ ሞተር ከተሻገሩት ትውልድ ናቸው። ሞተሩ ከግቢያቸው ጓሮ፣ ሸራ ስር ተኝቶ ነበር። ልጃቸው «ጋሼ፣ ይኼ እኮ አልቆለታል» ይላቸዋል፤ እሳቸው ግን አልሸጥም ብለው ነበር። ልክ ነበሩ።

አሁን ወደ ነገሬ። ዩቲዩብ ላይ የምታዩዋቸው ባለሙያዎች ጎበዞች ናቸው፤ ግን አብዛኞቹ የሚፈቱት ከባሕር የወጣ ሞተር ነው። እዚያ ጠላቱ ጨው ነው። ብሎን ከአልሙኒየሙ ጋር ተጋግሮ ሲፈታ ይቆረጣል፣ የውሃው መተላለፊያ በጨው ይደፈናል። ጣና ላይ ይህ የለም። ለዓመታት የተቀመጠ ሞተር ብሎኑ ሳያስቸግር ሲፈታ ያየ ሰው «ደህና ነው» ብሎ ይዘናጋል። የእኛ ሞተር የሚሞተው በሌላ መንገድ ነው፦ በደለል፣ በመረብ ክር፣ በተበላሸ ቤንዚን፣ በተሳሳተ ዘይት፣ እንዲሁም ማንም በማይጠረጥረው በከፍታው። (አቢያታና ሻላ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ የእናንተ ጉዳይ ለብቻው ነው። ሶዳማ ውሃ አልሙኒየም ይበላል።)

የመጀመሪያው ሕግ፦ ማስነሻ ገመዱን አትሳቡ። የቆመ ሞተር ሲገኝ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ገመዱን ይዞ መታገል። የፒስተኑ ፋሻ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በስሱ ዝጎ ተጣብቆ ከሆነ ያ ጉተታ ፋሻውን ይሰብረዋል ወይም ግድግዳውን ይጭረዋል። መዳን የሚችል ሞተር እዚያው ግቢ ውስጥ ያልቃል። ይልቅ ሁለቱን ካንዴላ ፍቱ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጨምሩ፣ እስከ ማግስቱ ተዉት። ከዚያ ቮላኖውን በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ቀኝ በዝግታ አዙሩ። ከዞረ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል። ካልዞረ ዘይቱን ደግማችሁ ጠብቁ፤ መዶሻ አታንሡ።

ሲዞር ኮምፕሬሽኑን ለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ጤነኛ ሞተር ያለ ጥፋቱ ይፈረድበታል። ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ሁለቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ገመዱ በኃይል ደጋግሞ ሲሳብ መለኪያው 90 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ያሳያል እንበል። ኢንተርኔት ላይ ያነበባችሁት ደግሞ 110 ይላል። «ፋሻው አልቋል፣ ቶርኖ ቤት ይሂድ» ይባላል። ቆዩ! ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ከመነሻው ስስ ስለሆነ ባሕር ላይ 110 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ ወደ 90 ዝቅ ይላል። ዋናው መታየት ያለበት በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ10 በመቶ በላይ ከተለያዩ ያኔ ቴስታታው ይከፈት። የጋሼ ሞተር ሁለቱም እኩል ነበሩ፤ አልነካሁትም።

እሳቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ካንዴላውን ከሽቦው ጋር አገናኝታችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩት፣ አዙሩ፣ ብልጭታውን እዩ። ብልጭታ ከሌለ ቦቢና ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት የማጥፊያውን ገመድ ተመልከቱ፤ ያቺ ቀይ ማሰሪያ ቦታዋ ላይ ካልተሰካች ሞተሩ እሳት አይሰጥም። ስንት ሰው ለዚህች ፕላስቲክ ብሎ ሙሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ ቀይሯል። ሌላው የቆመ ሞተር ጠላት አይጥ ነው፤ ኮፈን ስር ጎጆ ሠርታ ሽቦ ትበላለች።

ካርቡራቶር ላይ ደግሞ ተረጋጉ። ቤንዚን ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተንና ወደ ሙጫ የሚያደላ ቡናማ ዝቃጭ ይቀራል። ይህ ዝቃጭ ቤንዚን የሚያሳልፉትን ጠባብ ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ በተለይ የሚኒሞዋን። ሞተሩ በቾክ ብቻ እየተነሣ ሲተዉት የሚጠፋ ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት። ፍቱት፣ በካርቡራቶር ማጽጃ ንከሩት፣ በታመቀ አየር ንፉት። ሽቦ አታስገቡ። የቀዳዳው ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የተለካ ነው፤ በሽቦ ከሰፋ አይመለስም። ከጀሪካኑ የሚመጣውን የነዳጅ ጎማ፣ በእጅ የሚጨመቀውን ኳስና በነዳጅ ፓምፑ ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ግን አታጽዱ፤ ቀይሯቸው። የደረቀ ጎማ አየር ያስገባል፤ አየር የገባበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ያንስበታል።

አሁን ወደ ከፍታው ልመለስ፤ ይህ ነጥብ ከሁሉም በላይ የረሳነው ነው። ካርቡራቶሩ የተለካው ባሕር ላይ ላለው ወፍራም አየር ነው። እዚህ አየሩ ሲሳሳ የሚገባው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ምልክቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ይሆናል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ሞተሩ ሙሉ ሲከፈት ይታፈናል። በልማድ ካንዴላ እንቀይራለን፣ ሳምንት ቆይቶ ይደገማል። መፍትሔው ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ በጠበበ መቀየር ነው። ጉልበቱን ግን አትመልሱትም፤ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ይጠፋል፣ የ15 ፈረስ ሞተር ጣና ላይ 12 ገደማ ነው። ስለዚህ ፕሮፔለሩም ቀለል ያለ መሆን አለበት። በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት አንድ ኢንች ሲቀንስ ሞተሩ ከ150 እስከ 200 ዙር በደቂቃ ይጨምራል። ሙሉ ተከፍቶ፣ ተሳፋሪ ጭኖ፣ መመሪያው የሚለው ዙር ላይ ካልደረሰ ሞተሩ እየተሰቃየ ነው ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጣና ላይ ቀዳዳውን ያጠበባችሁትን ሞተር ጫሞ ወይም ጋምቤላ ባሮ ላይ ለሚሠራ ሰው ከሸጣችሁ የፋብሪካውን ቀዳዳ አብራችሁ ስጡት፣ ንገሩትም። ጫሞ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው፤ ጋምቤላ ከዚያም ግማሹን ያህል ዝቅ ይላል። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ፒስተኑ ይቀልጣል።

ዘይት። ክርክሩን አውቀዋለሁ፤ «ለቀድሞው ባጃጅ የሚሆነው 2ቲ ለጀልባም ይሆናል» ትላላችሁ። ያነሣዋል፤ ግን ለእሱ የተሠራ አይደለም። የሞተር ሳይክልና የባጃጅ ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ ትኩስ ሞተር የተዘጋጀ ስለሆነ ሲቃጠል አመድ የሚተው ንጥረ ነገር አለው። የጀልባ ሞተር በሐይቅ ውሃ ስለሚቀዘቅዝ ከእነሱ ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል፤ አመዱ ካንዴላው ላይና የፋሻው ጎድጓዳ ውስጥ ይከማቻል። ጣሳው ላይ ቲሲ-ደብልዩ3 የሚል ምልክት ፈልጉ። ልኩ ለአብዛኞቹ 50 ለ 1 ነው፦ በ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ በ20 ሊትር 400። አዲስ ፋሻ ካስገባችሁ መጀመሪያ ላይ እጥፉን፣ 25 ለ 1 አድርጉ። የመኪና ሞተር ዘይት የሚቀላቅሉትን ግን ምን ልበላቸው? በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚንም እንዲሁ፤ ላምባ ከተቀላቀለበት ሞተሩ ውስጥ ያለ ጊዜው ይቀጣጠላል፣ የፒስተኑን ራስ ይበሳል።

ወደ ታች እንውረድ፤ ወደ እግሩ። የታችኛውን ብሎን ፈታችሁ የካምቢዮውን ዘይት አውጡ። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል። ፕሮፔለሩን አውጥታችሁ ከኋላው ዘንጉን እዩ። ጣና ላይ እዚያ የምታገኙት ዘጠና በመቶው የሞኖፊላመንት መረብ ክር ነው ብል ማጋነኔ እንዳይሆን እንጂ እኔስ ሳገኘው እኖራለሁ። ክሩ በዘንጉ ላይ እየተጠመጠመ ኦይል ሲሉን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ሲሉን ሳይቀይሩ ዘይት ብቻ መሙላት ገንዘብ ሐይቅ ውስጥ መድፋት ነው፤ ዘይቱም ሐይቁ ውስጥ ነው የሚቀረው። ስትሞሉ ከታች በኩል ወደ ላይ ሙሉ፤ ከላይ ከሞላችሁ አየር ታስቀራላችሁ። የሁለቱንም ብሎኖች ጓርኒሲዮን ቀይሩ።

የውሃ ፓምፑ ጎማ ያለ ክርክር ይቀየራል። ለዓመታት በአንድ አቅጣጫ ታጥፎ የቆመ ጎማ ደህና መስሎ ቢታይም የታጠፈበትን ቅርጽ ይዞ ደርቋል። የክረምቱ ውሃ ደግሞ ከነርብ፣ ከነጉማራና ከግልገል ዓባይ የሚመጣ ደለል ስላለበት የጎማው ከንፈርም፣ ከስሩ ያለው ብረትም ይበላል፤ ብረቱን በጥፍራችሁ ዳሱት፣ ጎድጓድ ካለው አብሮ ይቀየር። አዲሱን ስታስገቡ ዘንጉን ከላይ ሲታይ ወደ ቀኝ እያዞራችሁ ግፉት። የውሃ መግቢያውን ወንፊትም አጽዱ። እምቦጭ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ ሥሩ እየገባ የሚደፍነው ወንፊት በዝቷል። ይህ ለምን አሳሰበኝ? እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃው ካነሰ ሞተሩ ውስጥ ያለው ከባሕር ላይ ሞተር ቀድሞ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎት ደግሞ አያቀዘቅዝም።

ሙከራው በርሜል ውስጥ ነው። ፕሮፔለሩን አውጡ፣ ውሃው የፓምፑን ቦታ በደንብ እስኪሸፍን ሙሉ፣ ደጅ ላይ አድርጉት፤ ጭሱ ቤት ውስጥ ይገድላል። ያለ ውሃ «ለሰከንድ ብቻ» የሚባል ነገር የለም፤ አዲሱ ጎማ በዚያችው ሰከንድ ይቃጠላል። ሲነሣ ከጎን የሚወጣውን ቀጭን የውሃ ጅረት ጠብቁ። ካልወጣ ወዲያው አጥፉ።

«ባለ ሁለት ምት ሞተር ሐይቁን ይበክላል፤ ለምን ታድሳለህ?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝም አላችሁ። እውነት አላችሁ። ካርቡራቶር ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚገባው ቤንዚን ሩብ ያህሉን ሳያቃጥል በማርሚታው ያስወጣል፤ ያም በቀጥታ ውሃው ውስጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ታሆ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከለከሉት ለዚህ ነው። ጣናም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው። አዲስ የሚገዛ ሰው ካማከረኝ ባለ አራት ምት ግዛ እላለሁ። ያንን መግዛት የማይችል፣ በእጁ ያለው ግን ይኸው የሆነ አስጋሪ ደግሞ ቢያንስ ልኩ የተስተካከለ ካርቡራቶርና ትክክለኛ ዘይት ይኑረው። አሁን ሐይቁ ላይ ሰማያዊ ጭስ ለብሰው የሚሄዱት አብዛኞቹ ያረጁ ሳይሆኑ ያልተስተካከሉ ናቸው።

ጓሮ የተኛ ሞተር ያላችሁ፣ ገመዱን ሳትነኩ ሁለቱን ካንዴላ አውጥታችሁ ጫፋቸውን በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሡና ከካምቢዮው ከወጣው ዘይት ፎቶ ጋር ላኩልኝ። የሞተሩን ሞዴልና የምትሠሩበትን ሐይቅ አብራችሁ ጻፉ። የፈሰሰውን አሮጌ ዘይት በጀሪካን ያዙት፤ ሐይቁ ውስጥ እንዳትደፉት።