ፕላቲነምን ለመቆጠብ የሚደረገው ጥረት
ዊሊያም ግሮቭ እ.ኤ.አ. በ1839 ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ተዋሕደው ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ሲያሳይ የተጠቀመው ፕላቲነምን ነበር። የዛሬዎቹ የፊውል ሴል መኪናዎች ካታሊስትም በመሠረቱ ያው ውድ ብረት ነው።

ሃይድሮጂን በፕላቲነም ገጽ ላይ በቀላሉ ወደ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ይከፈላል። አዳጋቹ የኦክስጂን ወገን ነው። ካታሊስቱ ኦክስጂንን እጅግ አጥብቆ ከያዘው ገጹ ይዘጋል፤ አላልቶ ከያዘው ደግሞ የሞለኪዩሉ ቦንድ አይሰበርም። ፕላቲነም ከሚፈለገው በጥቂቱ አጥብቆ ይይዛል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካው አርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው፣ ለሦስት የፕላቲነም አቶም አንድ ኒኬል ያለው ቅይጥ ክሪስታል በአንደኛው ገጹ ከንጹሕ ፕላቲነም አቻ ገጽ 10 እጥፍ ያህል ንቁ መሆኑን አስታወቁ። ከላይኛው የፕላቲነም ንጣፍ ሥር ያለው ኒኬል የኤሌክትሮኖቹን ሁኔታ ስለሚለውጥ አያያዙ ይላላል።

ታዲያ ችግሩ ለምን አልተፈታም? ሴሉ ውስጡ አሲዳማ በመሆኑ ኒኬሉ ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ ሟሙቶም ፕሮቶን አሳላፊውን ሜምብሬን ያውካል። ፕላቲነሙም ቢሆን አይተርፍም። መኪናው በፈጠነና በቆመ ቁጥር ቮልቴጁ ሲዋዥቅ ትናንሾቹ ቅንጣቶች እየሟሙ በትልልቆቹ ላይ ይለጠፋሉ፤ የሚሠራው ገጽም ይጠብባል። ስለዚህ አዲስ ካታሊስት በተነገረ ጊዜ አንባቢ ከመነሻ ንቃቱ ይልቅ ከ30,000 የቮልቴጅ ዑደት በኋላ የቀረውን ቢጠይቅ ይበጃል።

ፕላቲነምን ጨርሶ የሚተዉም አሉ፤ በካርቦን ውስጥ በናይትሮጂን የታሠሩ የተራ ብረት አቶሞችን ይጠቀማሉ። ዋጋው እጅግ ርካሽ ነው። ሆኖም በሥራ ላይ የሚፈጠረው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ጎጂ ራዲካሎች ይወለዳሉ፤ እነርሱም ካርቦኑንና ሜምብሬኑን ይበላሉ።