አሥራ ስምንት ሲሞላው

ከሳን ሆዜ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሞርጋን ሂል ላይ የልጆች ኳስ ሜዳዎች ተደርድረው ይገኛሉ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ፣ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ ከተቀመጠ አባት አጠገብ ቆሜ ጨዋታ አያለሁ። ልጁ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ቡድን ውስጥ በግራ መስመር ይሮጣል፤ ፈጣን ነው፣ ኳስ ማቀበል ላይ ግን ይሰስታል። አባቱ ሌሊቱን ሲያሽከረክር አድሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ በቀጥታ ሜዳ የመጣ ነው። ለክለቡ በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል፤ እዚህ አገር ልጅ ኳስ የሚጫወተው ተከፍሎለት ነው። ከቴርሞሱ ቡና እየቀዳልኝ፣ «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? ይሄ ልጅ ቀንቶት አውሮፓ ቢገባ ለዋልያዎቹ መጫወት ይችላል?» አለኝ። ወዲያው ልጁ ኳስ ያዘ፣ አባትየው ብድግ ብሎ «አቀብል እንጂ!» እያለ ጮኸ፣ ጥያቄውም ተንጠልጥሎ ቀረ።

እኔን ግን አልተወኝም። የእኛ ሰው ኳስ ባየ ቁጥር የሚያነሳው ሌላ ነው፦ ናይጄሪያና ጋና፣ ሴኔጋልም አውሮፓን ሲያጥለቀልቁ እኛ አንድ እንኳ ለምን አጣን? አንዱ ቁመት ይላል፣ አንዱ አመጋገብ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ፌዴሬሽኑን ረግሞ ይለያያል። ለእኔ ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ነው። አውሮፓ የደረሰ አለን፤ የእኛ ብለን የምንቆጥርበት መንገድ ነው የሌለን።

ቴዎዶር ገብረሥላሴን እንውሰድ። አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቱ የቼክ ተወላጅ መምህርት ናቸው። በ1986 (ዓመታቱን በፈረንጆቹ እጽፋለሁ) ትሬቢች በምትባል ከተማ ተወለደ። በ2012 ከስሎቫን ሊበሬትስ ጋር የቼክን ሊግ ዋንጫ አነሳ፣ በዚያው ክረምት ለቼክ በአውሮፓ ዋንጫ ተሰለፈ፣ ከዚያም ወደ ጀርመኑ ቬርደር ብሬመን ተዛውሮ እስከ 2021 ድረስ የቀኙን መስመር ይዞ ቆየ። ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጀርመን ሜዳ ላይ «ገብረሥላሴ» የሚል ማልያ ሲመላለስ፣ አዲስ አበባ ስንት ሰው እንዳየው እንጃ። ስዊድን አድጎ የኤአይኬንና የዲናሞ ዛግሬብን ማልያ የለበሰው ዋሊድ አታ ደግሞ ኋላ ዋልያዎቹን ተቀላቅሏል። ድሬዳዋ ተወልዶ ሚኒሶታ ያደገው ፉአድ ኢብራሂም ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ በአሜሪካ ሊግ ክለብ ተመርጦ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለስንበት በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከእኛ ጋር ነበር።

ከአገር ቤት የወጡት ታሪካቸው አጭር ነው። ሳላዲን ሰኢድ ቤልጅየም ሊርስ የደረሰው የግብፁ ክለቡና ሊርስ የአንድ ባለቤት ስለነበሩ ነው። ጋቶች ፓኖም በ2017 ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዢ ማካችካላ የሦስት ዓመት ውል ፈርሞ ሄደ፤ ዓመት ሳይሞላው ተለያዩ።

ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ የጠየቅኋቸው በደርግ ዘመን በአንደኛ ዲቪዚዮን ግራ ክንፍ ይጫወቱ የነበሩ፣ አሁን ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና አካባቢ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም። የሰሜን አሜሪካው የስፖርት ፌዴሬሽናችን በ2014 ዓመታዊ ውድድሩን ሳን ሆዜ ሲያካሂድ ስላዩት ጨዋታ ዛሬም ይሟገታሉ።

«ልጄ፣ እኛ አገር ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶህ ተስፋ የሚጣልበት ወጣት ይሉሃል» አሉኝ። «ፈረንጅ በሃያ ሁለትህ ሲያይህ እስካሁን የት ነበርክ ይላል። ሊጥ እኮ ሳይቦካ አይጋገርም፣ ቦክቶ ከቆየም ይኮመጥጣል።»

«ታዲያ ጋሼ፣ የደመወዙስ ነገር?» አልኳቸው።

«እሱን ተወው! የከተማ አስተዳደር ከበጀት እየከፈለህ፣ እናትህ አጠገብህ ሆና፣ ሰፈር ሁሉ እያጨበጨበልህ በረዶ ውስጥ ተቀያሪ ወንበር ላይ ልትቀመጥ ነው? እኔም አልሄድ።»

አልተሳሳቱም። በ2019 ክለቦቹ ተሰብስበው የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ሲሉ፣ ጣሪያ ያስፈለገው ክፍያው ከዚያም በላይ ስለወጣ ነው። ከታች የዕድሜ ቡድኖችን ማሳደግ ግን ከዚያ በጀት የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው።

ሉቺያኖ ቫሳሎንም ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ እኔም ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ ማንበብ ማቆም አቃተኝ። በጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ አምበሉ እሱ ነበር፤ እሱም ወንድሙ ኢታሎም በፍጻሜው አግብተዋል፣ የመጨረሻዋ የመንግሥቱ ወርቁ ናት። ሉቺያኖ በ1935 አሥመራ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል የፋሺስቱ መንግሥት ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ እንዳይቀበል የሚከለክል ሕግ አወጣ። የአባቱ አገር ገፋው፤ የተቀበለችው ኢትዮጵያ አምበል አደረገችው። በደርግ ዘመን ደግሞ ከእሷም ተሰደደ፤ ሮም አጠገብ ኦስቲያ ላይ ጋራዥ ከፍቶ መኪና ሲጠግን ኖሮ በ2022 አረፈ። ያን ዋንጫ ከዚያ ወዲህ አልደገምነውም።

ወደ ሞርጋን ሂሉ ልጅ ልመለስ። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአገር አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ16 ዓመት ጀምሮ ይፈቀዳል፤ ክርስቲያን ፑሊሲች ከአሜሪካ ተነስቶ በልጅነቱ ዶርትሙንድ የገባው በአያቱ በኩል የክሮኤሺያ ዜግነት ስላገኘ ነው። አያቱ ከጎጃም የሆኑ ልጅ ግን 18 እስኪሞላው ይጠብቃል።

የእኛም ሕግ የሚጠብቀው ያንኑ ልደት ነው። አባትየው አሜሪካዊ ሆኗል፤ እናት ግን ገና በግሪን ካርድ ናት፣ ስለዚህ ልጁ በእሷ በኩል ኢትዮጵያዊ ነው፤ እዚህ በመወለዱ ደግሞ አሜሪካዊ። በ2003 የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378፣ አንቀጽ 20፣ ውጭ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። አውሮፓ በሩን በምትከፍትለት ዓመት አገሩ ምረጥ ትለዋለች ማለት ነው። ብዙዎቻችን የያዝነው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል እንጂ ዜግነት አይደለም፤ ፊፋ የሚጠይቀው ደግሞ ዜግነት ነው።

ጉዳዩ የሚመለከተውን አንድ ባለሥልጣን፣ ይህን የአንድ ዓመት ጊዜ ተጠቅሞ ያመለከተ ተጫዋች ይኖር እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ይሄ የሕግ ጉዳይ ነው» አሉ። የሕግ ክፍሉን ልጠይቅ ስላቸው «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለው ዘጉት። መልሼ ስደውል አልተነሳም።

የብሔራዊ ቡድናችን ሁኔታ ደግሞ ይህ ነው፦ ከ2022 ወዲህ አፍሪካ ዋንጫ አልደረስንም፣ ሜዳችን ደረጃውን ባለማሟላቱ «የሜዳችንን» ጨዋታ በሰው አገር ስናደርግ ኖረናል፤ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነውም ሊሎንግዌ ላይ ነው።

በዚያ በ2022 ውድድር ያውንዴ ላይ 1 ለ 0 ያሸነፈችን ኬፕ ቨርዴ ናት፤ ሕዝቧ ከአንድ ክፍለ ከተማ ብዙም አይበልጥ። ሮቤርቶ ሎፔስ የተባለውን ደብሊን የተወለደ ተከላካይ ለብሔራዊ ቡድን የጠራችው በሊንክድኢን መልእክት ነው። ልጁ የማይረባ ማስታወቂያ መስሎት ትቶት ነበር፤ አሠልጣኙ ከወራት በኋላ እንደገና ጻፉለት። ኬፕ ቨርዴ ለ2026ቱ ዓለም ዋንጫ አልፋለች። የእኛ ሕገ መንግሥት የዜግነትን ዝርዝር ለሕግ ትቶታል፤ አንቀጽ 20ን ለመለወጥ የፓርላማው ድምፅ ይበቃል።