የኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮንና የከበሮው ማሽን

እ.ኤ.አ. በ1985 ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። ባንድ የለም፤ ድራመርም ጊታሪስትም የለም። የያዘው አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ነው። ሁሉንም በየተራ ተጫውቶ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ቀዳና በካሴት አወጣው። ባህላዊውን ከዘመናዊው ስለማዋሃድ ወሬ በተነሳ ቁጥር እኔ ይህን ካሴት ከሁሉ አስቀድማለሁ።

ከካሴቱ ዜማዎች «ሸሞንሟናዬ»ን ልብ ብላችሁ አዳምጡ። ማሽኑ ምቱን ሳያዛንፍ ይደጋግማል። አኮርዲዮኑ ግን አይቸኩልም፤ አንድ ድምፅ ይዞ ያቆያል፣ ጎረቤቱን ነካ አድርጎ ይመለሳል፣ እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ያርገበግበዋል። ባለ ቁልፍ መሣሪያ እንደ ማሲንቆ ከድምፅ ወደ ድምፅ መንሸራተት አይችልም። ኃይሉ ያንን ክፍተት የሚሞላው በእነዚህ ፈጣን ንክኪዎች ነው። በጣቶቹ ሥር 12 ድምፆች እያሉ ዜማው የሚመላለሰው በቅኝቱ 5 ድምፆች ላይ ነው። መሣሪያው ከየትም ይምጣ፣ ቅኝቱና ርግብግቢቱ እስካሉ ድረስ ዜማው የኛ ነው።

ይህ ችሎታ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ኃይሉ በዋልያስ ባንድ ኦርጋን ሲጫወት ባንዱ የአዲስ አበባ ሂልተን መድረክ ባለቤት ነበር። ሰዓት እላፊ በታወጀበት በዚያ ዘመን ታዳሚው ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል ሙዚቃው እስኪነጋ ይዘልቅ ነበር። «ሙዚቃዊ ስልት» የተሰኘው ዜማ ያለበት አልበማቸው በ1977 ሲወጣ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፎበታል። በ1981 ባንዱ ለኮንሰርት ጉዞ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉ እዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት የዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነጂ ሆኖ ኖረ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራውን ኪቦርድ ከመኪናው ሻንጣ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። መድረክ ባጣባቸው ዓመታትም ጣቶቹን አላሳረፈም፤ ለኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ያንን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ ያገኘው ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ነበር። በ2013 በድጋሚ ሲታተም ኃይሉ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ እንደገና ቆመ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበሙን አወጣ።

ካሴቱን ከሱቅ ያነሳው የሌላ አገር ሰው መሆኑ ሊያንገበግበን ይገባል። በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ስንት አለ! ቴፕ ያረጃል፣ ይሻግታል፣ ይበጠሳል። የአባት የእናታችሁን ካሴቶች ዘንድሮ ወደ ዲጂታል አስገልብጡ፤ ሽፋኑ ላይ ያሉትን የተጫዋቾች ስሞችም ሳትዘነጉ አብራችሁ ጻፉ።