ሞባይል ሠሪዎች፦ ከሶልደር የሚወጣው ጭስ የእርሳስ አይደለም፣ ግን ሳንባ ይጎዳል

መርካቶም ሆነ መገናኛ ሞባይል ጥገና ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ጠባብ ክፍል፣ ቦርድ ላይ ያጎነበሰ ልጅ፣ ከሶልደሩ የሚነሳ ቀጭን ነጭ ጭስ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ወደ ላይ ማለት ደግሞ ወደ አፍንጫው ነው።

ብዙዎች "የእርሳስ ጭስ ነው" ይላሉ። አይደለም። እርሳስና ቆርቆሮ የተቀላቀለበት የሶልደር ሽቦ የሚቀልጠው 183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ የሶልደሪንግ አይረኑ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ይሞቃል። እርሳስ ግን እስኪፈላ ከ1,700 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። በዚህ ሙቀት የሚተነው እርሳስ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የሚጨሰው ፍላክሱ ነው። ብዙው ፍላክስ ከጥድ ሙጫ የሚገኝ ሮዚን የሚባል ነገር አለው። ጭሱ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ዋናው ጣጣ ግን አስም ነው። የእንግሊዝ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ የሮዚን ጭስን ከሥራ ጋር ለተያያዘ አስም ዋና ዋና መንስኤዎች ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሰውነት አንዴ ከተቆጣ በኋላ ደግሞ ትንሽ ጭስ ይበቃዋል፤ ሙያውን ለመተው የሚገደድ ሰው አለ። ሽቦው "ሊድ ፍሪ" ቢሆንም ፍላክሱ ያው ነው፤ እንዲያውም ከፍ ያለ ሙቀት ስለሚፈልግ ጭሱ ሊብስ ይችላል።

እርሳሱስ? እሱ የሚገባው በእጅና በአፍ ነው። ሁለት እጁ ሲያዝበት ሽቦውን በጥርሱ የሚይዝ አለ፤ በዚያው እጁ ምሳ የሚቆርስም አለ። ሳኒታይዘር እርሳስ አያስለቅቅም፤ ሳሙናና ውሃ ነው የሚያስለቅቀው። የሥራ ልብስ ሱቅ ይቅር፤ ቤት ልጆች ካሉ እርሳስ የልጅ አእምሮ ላይ ነው የሚበረታው።

"ማታ ወተት እጠጣበታለሁ" የሚለው ነገር አይሠራም። ወተቱ ሆድ ይገባል፣ ጭሱ ሳንባ ውስጥ ነው። ስስ የሆስፒታል ማስክም ፊት ላይ ስለማይገጥም ጭሱ በጎን ይገባል።

የሚሠራው ጭሱን ከምንጩ መሳብ ነው። የጭስ መሳቢያ መግዛት ከቻላችሁ ጥሩ፤ ስፖንጅ ብቻ ያለው ርካሹ ሽታውን እንጂ ደቃቁን ብናኝ እምብዛም አያስቀርም፣ ቢያንስ ግን ጭሱን ከፊታችሁ ያርቃል። ካልተቻለ ትንሽ ቬንትሌተር ከሥራው በስተጀርባ አድርጉና ጭሱን ስቦ በመስኮት ያስወጣ፤ ፊታችሁ ላይ ወይም ጎረቤታችሁ ላይ እንዳይነፋ። ጭንቅላታችሁን ከቦርዱ በላይ ሳይሆን ወደ ጎን አድርጉ፤ ሙቀቱንም ከሚያስፈልገው በላይ አትጨምሩ።

ሳል ወይም ደረት መጨነቅ በሥራ ቀን ብሶ በእረፍት ቀን ቀለል ካለላችሁ "ብርድ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ሥራችሁ ምን እንደሆነና ምን እንደምትበይዱ ሳትጠየቁ ንገሩት።