ከወይኑ ግንድ ሥር

ሚኒሶታ፣ ሜፕልዉድ ውስጥ ጓሮው ላይ ወይን የተከለ ሰው ከአረሙ ይልቅ የጎረቤቱን ፀረ አረም ቢፈራ አይፈረድበትም። ዳንዴላይን የሚባለውን የግቢ አረም ለማጥፋት የሚረጨው መድኃኒት ብዙ ጊዜ 2,4-ዲ አለበት፤ የአገር ቤት ስንዴና ጤፍ ገበሬ «ቱፎርዲ» የሚለው ማለት ነው። ሣሩን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን ይገድላል። ወይን ደግሞ ቅጠለ ሰፊ ነው፤ ያውም ሳይረጭበት፣ ነፋስ ባመጣው ብናኝ ብቻ የሚታመም። ለጋው ቅጠል ይጠብባል፣ ጅማቶቹ ይጠጋጋሉ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሾላል።

በዚህ ብርድ ወይን ማልማት የቀለለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ብርድ የሚችሉ የወይን ዝርያዎችን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ፍሮንቴናክን፣ በ2006 ማርኬትን ካወጣ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊትም ደፋር አልጠፋም፤ ዴቪድ ቤይሊ እዚሁ ሚኒሶታ፣ ሄስቲንግስ ላይ የፈረንሳይ ዝርያዎችን የተከለው በ1973 ነበር።

የወይን እርሻ ሙሉ በሙሉ አይታረምም። በረድፎቹ መካከል ያለው ሣር አፈሩን ስለሚይዝ እየታጨደ ይተዋል። የሚጸዳው ከግንዱ ሥር ያለው አንድ ሜትር ያህል ስፋት ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት፣ ሥሩ ገና ሳይጠልቅ። ችግሩ መሣሪያው ግንዱ ጋ ሲደርስ ነው። ትራክተር ጎን ላይ የሚገጠም መኮትኮቻ አለ፤ ከፊቱ የተዘረጋው ዘንግ ግንዱን ሲነካ ምላጩ በሃይድሮሊክ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ይወጣል። ሲያዩት ደስ ይላል፤ ለጓሮ ግን ቀልድ ነው።

ግላይፎሴት የሚረጭም አለ። እዚህ አገር ግን ጥንቃቄው ይበዛል። ብርዱ ግንዱን ከገደለው ተተኪው የሚያድገው ከሥሩ ከሚያቆጠቁጠው ቀንበጥ ነው፤ መድኃኒቱ ያን አረንጓዴ ካገኘ ደግሞ እስከ ሥር ይወርዳል።

በግ የሚያሰማሩም አሉ። ፍየል አይታሰብም፤ ወይኑን ራሱን ትጨርሰዋለች። በግም ቢሆን መዳብ አይችልም፤ ለሻጋታ የሚረጨው መዳብ ሣሩ ላይ ካረፈ ጉበቱን ይመርዘዋል።

ለጓሮ እኔ የምመርጠው የእጅ መኮትኮቻና የገለባ ጉዝጓዝ ነው። ጉዝጓዙን ግን በረዶ ሳይጥል ከግንዱ ማራቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አይጦች ውስጡ ከርመው ቅርፊቱን ዙሪያውን ይልጡታል።