ፊት አልባው የሲቤሊየስ ሐውልት

ሄልሲንኪ ውስጥ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ፣ በዣን ሲቤሊየስ ስም የተሰየመ መናፈሻ አለ። ከዛፎቹ መሀል ከ600 በላይ የማይዝግ ብረት ቱቦዎች፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ እያለ፣ በአንድነት ተበይደው ቆመዋል። ጠቅላላ ክብደታቸው 24 ቶን ነው። የሙዚቃ ደራሲው ሐውልት ይህ መሆኑን የሰማ እንግዳ ዙሪያውን እየዞረ ሰውየውን ይፈልጋል።

ሲቤሊየስ (1865–1957፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለፊንላንዶች ከሙዚቃ ደራሲነትም ያለፈ ቦታ አለው። የሩሲያ ዛር መንግሥት ጋዜጦቻቸውን በሳንሱር ባፈነበት በ1899 ለፕሬስ በተሰናዳ ዝግጅት ላይ ያቀረበው ሙዚቃ፣ በኋላ «ፊንላንዲያ» ተብሎ የአገሬው ሁሉ መዝሙር ያህል ሆነ። ፊንላንድ ነፃ የወጣችው ገና በ1917 ነው።

ከሞተ በኋላ ለመታሰቢያው ውድድር ወጣና ቀራፂዋ ኤይላ ሂልቱነን አሸነፈች። እርሷ የቀረፀችው መልኩን ሳይሆን ሙዚቃውን ነበር። ያኔ ጭቅጭቁ ተነሣ። «ፊቱ የታለ?» ያለም ነበር፤ ቱቦዎቹ ኦርጋን ይመስላሉ፣ እሱ ደግሞ ለኦርጋን የጻፈው ጥቂት ነው ብሎ የተከራከረም ነበር። ሁለተኛው ክርክር ቀላል አይደለም። ሆኖም ቱቦዎቹን ቀረብ ብሎ ላያቸው ከኦርጋን ይልቅ የበርች ደን ይመስላሉ። የመጀመሪያዎቹን ተቃዋሚዎች ለማስታገስ ግን የሲቤሊየስ ፊት ተሠርቶ ከጎን ዓለቱ ላይ ተቀመጠ። ጎብኚው ተሰልፎ ፎቶ የሚነሣው ከዚህ ፊት ጋር ነው፤ ለእኔ ግን የሥራው ደካማ ክፍል እሱ ነው።

ሂልቱነን ብየዳውን ለሌላ አልተወችም። የእያንዳንዱን ቱቦ ገጽ በእጇ እያሻከረች፣ አንዳንዱን እየቀደደች ዓመታት ሠራች፤ የብየዳው ጭስም ጤናዋን ጎዳው። ሐውልቱ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1967 ተመረቀ።

መናፈሻው መግቢያ አይከፈልበትም። የሄደ ሰው ከቱቦዎቹ ሥር ገብቶ ቀና ብሎ ቢያይ ይሻላል፤ ሰማዩ በቀዳዶቹ ይታያል፣ ነፋስ ሲኖርም ብረቱ ድምፅ ያወጣል። በብርዱ ወራት የሚሄድ ጓንት አይርሳ። ፊንላንድ ድረስ መሄድ ለማይመቸው ደግሞ አነስ ብሎ የተሠራው አምሳያው ፓሪስ፣ በዩኔስኮ ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል።